በካሴት የመጣ አንደበት

ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው «እማ» ከማለት አላለፈም ነበር። ውኃ ሲጠማው እጄን ይዞ ወደ እንስራው ይጎትተኛል፤ ሲያመው ያመመውን ቦታ እያሳየ ያለቅሳል። የነቀምቴው ባኬ ጃማ ሰፈር ጎረቤቶቼ በሙሉ ሐኪም ሆኑ። አንዷ ከምላሱ ሥር ያለችው ክር ትቆረጥለት አለች። ሌላዋ የሰው ዓይን ነው አለች። ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እየሸጠ ያሳደገኝ አባቴ ደግሞ «ቆይ፣ ዝም በል ብለሽ የምትለምኚበት ቀን ይመጣል» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እኔ ትዕግሥት ሲታደል የቀረሁ ሰው ነኝ። ማሾፉም ማጽናናቱም እኩል ያናድደኝ ነበር።

ያን ጊዜ የባለቤቴ አባት አብረውን ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ባለቤቴ ከሲሬ አመጣቸው። አማቼ በሲሬ ዙሪያ የታወቁ አስታራቂ ነበሩ። ወሰን የተገፋበት፣ ሚስቱ ኮብልላ የሄደችበት፣ ከወንድሙ የተኳረፈ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ ቢቋቋምም፣ ሰዉ ሸንጎው ከፈረደ በኋላ ለመታረቅ እሳቸውን ይፈልግ ነበር። እኛ ጋ ከመጡ በኋላ እንኳ ነቀምቴ ድረስ ተከትለዋቸው የሚመጡ አልጠፉም። ንግግር ያምርባቸዋል። ቀስ ብለው ይጀምራሉ፣ መሐል ላይ ያስቃሉ፣ መጨረሻ ላይ የተቆጣው ሰውዬ ራሱ አንገቱን ይደፋል። ይህ ሁሉ በኦሮምኛ ነው። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ክንድ ለክቼ፣ ዋጋ ተከራክሬ፣ ሰላምታ ሰጥቼ ያልቃል። ከእሳቸው ንግግር ግማሹ እንኳ አይገባኝም፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ልጁ ቀኑን ሙሉ ከጉልበታቸው አይወርድም። እንደ ትልቅ ሰው ነበር የሚያጫውቱት፤ የከብት ነገር፣ የዝናብ ነገር፣ የዱሮ ሙግት። እሱም ዓይን ዓይናቸውን እያየ የሆነ ነገር ይመልስላቸዋል። አንዳንዴ «ቢሳ» ይላቸውና ተነሥተው ውኃ ይሰጡታል። ቢሻን ማለቱ ነበር፤ በኦሮምኛ ውኃ። ይህን በዓይኔ እያየሁ፣ እኔን ግን እጄን እየጎተተ ስለሚለምነኝ፣ ልጄ አይናገርም እያልኩ አለቅስ ነበር።

ባለቤቴ አስተማሪ ነው። አንድ የትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣንና ልጁን ይዘን አዲስ አበባ ወረድን። ሆስፒታል ለሆስፒታል ተንከራተን፣ በመጨረሻ ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ የንግግር ሕክምና ተምራ የተመለሰች አንዲት ወጣት ዶክተር አገኘን። ጆሮውን አየች፣ አፉን አየች፣ በእንጨት ቁርጥራጮች አጫወተችው። ጆሮው ደህና ነው አለች። ምላሱም ደህና ነው። ልምምድ ነው የሚያስፈልገው።

«ስንት ቃል ይናገራል?» ብላ ጠየቀችን።

«እማ ብቻ» አልኩ። ባለቤቴም ራሱን ነቀነቀ። ከአያቱ ጋር የሚለዋወጧትን ነገር አንዳችንም ቃል ብለን አልቆጠርናትም። ለእኛ ያቺ የሽማግሌና የሕፃን ጨዋታ ነበረች።

«በየሁለት ሳምንቱ አምጡልኝ» አለች። ባለቤቴ ሳይወድ ሳቀ። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ጎሕ ሲቀድ የተነሣ አውቶቡስ ማምሻውን ነበር የሚገባው፤ ያውም በየኬላው ፍተሻው ካላቆየው። ዶክተሯ አሰብ አደረገችና «ቴፕ አላችሁ?» አለችን። አባቴ ሱቅ አንድ ቴፕ ነበረ። «በሉ፣ ድምፁን በካሴት እየቀዳችሁ ላኩልኝ። እኔም የምትሠሩትን ካሴቱ ላይ እየነገርኩ እመልስላችኋለሁ።» እንዲህ ያለ ሕክምና ሰምተን አናውቅም። ግን ከምላስ መቁረጥ ይሻላል ብለን ደስ እያለን ተመለስን።

እሑድ እሑድ እንቀዳ ጀመር። መጀመሪያ ዶሮዎቹ ይባረራሉ። ከዚያ ጎረቤታችን ሬዲዮኑን እንዲቀንስልን ይለመናል። አማቼ ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ዱላቸውን አንሥተው ወደ በሩ ይወጡ ነበር፤ ሳል ስለነበረባቸው ቴፑን እንዳያበላሹብን ብለው ነው። የባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። ያለቀውን ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና እንሞክረዋለን። ድንጋዩ ሲደክም የዶክተሯ ድምፅ እየወፈረና እየተጎተተ መጥቶ የወንድ ይሆናል። ልጄ ይህን በጣም ይወደው ነበር፤ አፉን አሞጥሙጦ እንደዚያው እየጎተተ ይከተላታል።

ካሴቱን የሚያመላልስልን የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ማለዳ በራችን ላይ ቆሞ «አካም ቡልቴ እህቴ፣ የልጁ አፍ መጥቷል» ይላል፤ ካሴቱን የልጁ አፍ ብሎ ነበር የሚጠራው። አንድ ቀን ኬላ ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ካሴቱን አገኘበትና ክፈተው አለው። በአውቶቡሱ ቴፕ ሲከፈት ዶክተሯ «ባ፣ ባ፣ ባ። አሁን ሁለታችሁም አንድ ላይ አጨብጭቡ» ትላለች። «ባ ማነው? የምን ምልክት ነው?» ብሎ ጠባቂው ጠመንጃውን አስተካከለ። ሹፌሩ ቢያስረዳው አልሰማ አለ። በመጨረሻ ተሳፋሪዎቹ እንዲያግዙት ለመናቸውና አውቶቡሱ በሙሉ ባ፣ ባ፣ ባ እያለ አጨበጨበ። ጠባቂውም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ለቀቃቸው። ሹፌሩ ይህን ሲነግረን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የሳቅንበትን ቀን አላስታውስም።

ምክንያቱም ያ በጭብጨባ ያለፈው ካሴት ጀርባው ላይ ሌላ ምክር ነበረው። ዶክተሯ ባለፈው በላክንላት ላይ ባለቤቴ ልጁን በኦሮምኛ ኮቱ ብሎ ሲጠራው፣ እኔ ደግሞ በአማርኛ ሳናግረው ሰምታ ኖሯል። «ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ቋንቋ እሰማለሁ» አለች። «ልጁ እንዳይደናገር ለጊዜው በአንዱ ብቻ አናግሩት። የቱ እንደሚሻል እናንተ ታውቃላችሁ።» ድምፅዋ ደግ ነበር። የተማረችው እንደዚያ ነበር፤ በክፋት አልተናገረችውም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ አግኝቼ ሁለት ቋንቋ ልጅን ዲዳ እንደማያደርግ፣ በሁለቱም እኩል ልናናግረው እንችል እንደነበር ነግራኛለች። የነገረችኝ ቀን ሳልሰማ ብቀር እመርጥ ነበር።

እኔና ባለቤቴ ቁጭ ብለን ተነጋገርን ለማለት እንኳ ያሳፍረኛል። ካሴቱ በአማርኛ ነው። ትምህርት ቤቱም በአማርኛ ነው። መሥሪያ ቤቱም፣ የቀበሌው ስብሰባም በአማርኛ ነው። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ተስማማን። ባለቤቴ የራሱን ቋንቋ ሲተው ፊቱ ላይ ምንም አላየሁበትም፤ ልጁ ይናገር እንጂ ቻይንኛም ቢሆን ግድ አልነበረውም። የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ትንሽ ብንጨቃጨቅ፣ ትንሽ ቢከብደን ኖሮ፣ ቤታችን ውስጥ ሌላም ሰው እንዳለ ትዝ ይለን ነበር።

ለአባቱ የነገራቸው ባለቤቴ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። እስኪጨርስ አዳመጡትና በኦሮምኛ «ሐኪሟ ስለ እኔ ምን አለች?» አሉት።

«ስለ እርስዎ ያለችው ነገር የለም፣ አባ። በቤቱ ያለ ሁሉ ነው ያለችው።»

ምን ልትል ትችላለች? መኖራቸውን አታውቅም። በላክንላት ካሴት ሁሉ አንድም ቀን ሳላቸው እንኳ አልገባም፤ በቀዳን ቁጥር በር ላይ ነበሩ። አዲስ አበባ ስንሄድም ስለ እናት ጠየቀችን፣ ስለ አባት ጠየቀችን፤ ልጁ ከማን ጋር እንደሚውል አልጠየቀችንም፣ እኛም አልነገርናትም። ነቀምቴ መጥታ አንድ ጠዋት ብቻ ቤታችን ብትቀመጥ ኖሮ፣ ልጁ ማንን እየተከተለ አፉን እንደሚያንቀሳቅስ ታይ ነበር። በካሴት ግን የሚሄደው የቀዳነው ብቻ ነው።

አማቼ ዱላቸውን መሬት ላይ አንድ ሁለቴ መታ መታ አደረጉና «የእኔ መናገር ልጁን ከጎዳው ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ምን ይከብዳል?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ኢንተላ ኮ፣ አትጨነቂ» አሉኝ። ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። እፎይ አልኩ። እሺ ባይሉ ምን እናደርጋለን እያልኩ ስጨነቅ ነበርና።

ቃል የሚጠብቁ ሰው መሆናቸው ነው የጎዳን። ሌላ ሰው ቢሆን ሲረሳ፣ ሲሰለቸው፣ ማንም ሳያይ ልጁን አንድ ሁለት ቃል ያጫውተው ነበር። እሳቸው ግን ስንቱን ሰው ቃልህን ጠብቅ ሲሉ ኖረው የራሳቸውን ሊያጥፉ ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጁ አንድም የኦሮምኛ ቃል አልወጣቸውም። አማርኛቸው ደግሞ ከዱሮ የችሎት ደጅ የለቀሟት ናት። ና፣ ብላ፣ ተኛ። በእነዚህ ነበር ልጁን የሚያሳድጉት። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉልበታቸው ላይ ወጥቶ እንደ ልማዱ ፊታቸውን እያየ ጠበቃቸው። አገጫቸውን ይዞ ወዘወዛቸው። እሳቸው ጭንቅላቱን እየዳበሱ ወደ አጥሩ አዩ። ለእሱ ብለን ነው አልኩ። ሲሰነብት ልጁ ከጉልበታቸው ወረደ።

ከሲሬ እንግዳ ሲመጣባቸው ከአጥር ውጭ ይዘውት ይወጣሉ። ዝናብ ከሆነ በሹክሹክታ ያወራሉ። በሹክሹክታ ሰው አይታረቅም፤ እንግዶቹ እየቀነሱ ሄዱ። ባለቤቴም አባቱን ለማጫወት ወደ ጓሮ ይወስዳቸው ነበር። በኋላ በኋላ የትምህርት ቤቱም የቀበሌውም ስብሰባ ሲበዛበት ጓሮውም ቀረ።

ልጁ ግን ተናገረ። መዋሸት አልችልም፤ ልምምዱ ሠርቷል። አንድ እሑድ ዶክተሯ እንዳዘዘችን ኩባያውን ከፍ አድርጌ ይዤ ስጠብቅ፣ ተናደደብኝና «ውኃ!» አለ። ኩባያው ከእጄ ወደቀ። ከዚያ ዳቦ መጣ፣ በር መጣ፣ እምቢ መጣ፤ እምቢን ሲያውቅማ ቤቱን አመሰው። አማቼ በጣም ደስ አላቸው። ልጁ አዲስ ቃል ባመጣ ቁጥር የሚሉት ነገር ሲያጡ ከጎረቤት አስጠንተው «ጎበዝ!» ይሉት ጀመር። አራተኛዋ ቃላቸው እሷ ሆነች።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ከተላላክን በኋላ ሹፌሩ የላክነውን ካሴት እንዳለ ይዞት ተመለሰ። ዶክተሯ ለተጨማሪ ትምህርት ውጭ አገር ሄዳለች፤ በቦታዋ የተተካ ሰው የለም አለን። አዘንን፤ ልጁ በደንብ እየተናገረ ስለነበር ግን ብዙም አልደነገጥን። ያላሰብነው ነገር ለጊዜው ያለችውን ነው። ለጊዜው በአንዱ ብቻ አናግሩት ብላ ነበር። ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ የሚነግረን ሰው ጠፋ። የምንጠይቀው ስናጣ ራሳችን መወሰን ፈራን። እንዲህ የተገኘ አንደበት ተመልሶ ቢጠፋስ? ልጁ አንደኛ ክፍል ይጀምርና አልን። አንደኛ ክፍልን ይጨርስና አልን። ክረምቱ ይለፍና አልን።

ያኔ ነው ምሳ ላይ ቁጭ ብለን ልጄ እንዲህ ያለኝ፤

«እማዬ፣ አባባም ካሴት ያስፈልገዋል።» አያቱን አባባ ነበር የሚላቸው።

«ለምን?»

«መናገር አይችልም እኮ። ና ብቻ ነው የሚለው። ብላ ብቻ ነው የሚለው። እኔ እንደዚያ ስሆን ለዶክተሯ ልካችሁኝ የለ?»

ባለቤቴን ጉርሻው አነቀው። አማቼ ሁላችንንም አዩንና ምን አለ ብለው በዓይናቸው ጠየቁ። ባለቤቴ እጃቸውን ይዞ ወደ ጓሮ አወጣቸውና እንደ ቀልድ አድርጎ ነገራቸው። ሳቃቸውን ከቤት ውስጥ ሰማሁት። ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ነው የሳቁት። ሲመለሱ ግን ምሳው ላይ አልተቀመጡም፤ ዱላቸውን ይዘው ወደ በሩ ወጡ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁና ባለችኝ ኦሮምኛ «አባ፣ ይብቃ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያጫውቱት» አልኳቸው። «አሁን ምን ብዬ ልጀምረው?» አሉኝ። «እንዲህ እያማረበት ሲናገር ደግሞ እኔ ላበላሽበት?» እኛ ያስገባንባቸው ፍርሃት ነው። ብናስገባባቸውም ልናወጣላቸው አልቻልንም።

ሰፈር ውስጥ ልጁ ኦሮምኛ መስማቱ አልቀረም። ከልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት አቀብለኝ፣ ምታው፣ ወጥቷል የሚባልባትን ያህል ለቅሟል። ከአያቱ ጋር ግን አንድም ቀን አልሞከራትም። አባባ ዝምተኛ ሰው ነው ብሎ አምኖ ነበር ያደገው፤ እንደ ዝምተኛም ይወዳቸው ነበር። ጫማቸውን ያቀርብላቸዋል፣ እጅ ያስታጥባቸዋል፣ ሌላ ነገር አይጠብቅባቸውም።

ልጁ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ አማቼ ታመሙ። የዱሮው ሳል ነው፤ በዚያ ክረምት ግን ጠናባቸው። አንድ ጠዋት ትንፋሻቸው ሲከብድ ባለቤቴ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና ፍለጋ ሮጦ ወጣ። እኔና ልጁ አጠገባቸው ነበርን። ዓይናቸውን ገለጡና እንዳስቀምጣቸው በምልክት ጠየቁኝ። ትራስ ደግፌ አስቀመጥኳቸው። «ና» አሉት ልጁን። መጣ። ቀኝ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጫኑና መመረቅ ጀመሩ።

በኦሮሞ ምርቃት መራቂው አንድ ሐረግ ይልና ቆም ይላል። የሚመረቀው «ሃ ታኡ» ይላል፤ ይሁን ማለት ነው። ከዚያ መራቂው ወደሚቀጥለው ይሄዳል። መላሽ ከሌለ ምርቃቱ አይቀጥልም። አማቼ የመጀመሪያውን ብለው ቆሙ። ልጄ በድንጋጤ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። የሚጠበቅበት ነገር እንዳለ አላወቀም። እሳቸው ጠበቁት። ዞር ብሎ እኔን አየኝ። «ሃ ታኡ» አልኩ እኔ፣ በእሱ ፈንታ። ቀጠሉ።

ያ የሲሬው ድምፅ ተመልሶ መጣ። ቀስ ብሎ የሚጀምረው፣ መሐል ላይ የሚሞቀው፣ የድሮው ድምፅ። ስንት ዓመት የያዙትን ሁሉ ነበር ያወረዱለት። ሆሪ ቡሊ ሲሉ ገባኝ፤ ብዛ፣ ኑር ማለት ነው። የዋቃን፣ የፈጣሪን ስም ሲጠሩ ገባኝ። ከብት ያሉ መሰለኝ፣ ውኃ ያሉ መሰለኝ፣ የባለቤቴን ስምና የማላውቃቸውን የአባቶች ስም ሲቆጥሩ ሰማሁ። የቀረው እኔ ክንድ ለክቼ የምሸጥበት ኦሮምኛ አልነበረም። አልተከተልኳቸውም። በቆሙ ቁጥር ሃ ታኡ፣ ሃ ታኡ እያልኩ አለቅሳለሁ። ልጁ ከእጃቸው ሥር ሳይነቃነቅ ከንፈራቸውን እያየ ነበር። ሲጨርሱ እንትፍ እንትፍ ብለው ጉንጩን ዳበሱትና ጋደም አሉ። ባለቤቴ መኪና ይዞ ሲደርስ ተኝተው ነበር። ከዚያ እንቅልፍ አልነቁም።

ሲሬ ወስደን ከሚስታቸው ጎን ቀበርናቸው። ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎች እየተነሡ ስለ ንግግራቸው ሲመሰክሩ ዋሉ። ይህን ነገር እንዲህ ብለው ፈቱት፣ ያንን ሰው እንዲህ ብለው አሳቁት እያሉ። ልጄ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ ሰዎቹ ስለ ማን እንደሚያወሩ ሳያውቅ ሰማቸው።

ስንመለስ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ተቀመጠ። አባቱ ከፊታችን ወንበር ላይ ጭንቅላቱን በነጠላው ተከናንቦ ነበር። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ልጄ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«እማዬ፣ ያን ቀን አባባ ምን ነበር ያለኝ?»

አንዲት ፊደል አልተሰበረችበትም፤ ዶክተሯ ሰምታው ቢሆን ትደሰት ነበር።

«ብዛ፣ ኑር ነው ያለህ» አልኩት።

ሁለቱን ቃል በጣቱ ቆጠረ።

«ያን ሁሉ አውርቶ ይቺ ብቻ ናት?»

«ይቺ ብቻ ናት» አልኩት። ሌላውን አላውቀውም ነበር።